በሸዋነሽ መስኮት በኩል ያለው ኦክ

ቻምብሊ፣ አትላንታ
ግንቦት 23 ቀን 2007 ዓ.ም. (በዚህ አገር ሜይ 31፣ 2015)

ውድ ደጊቱ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔና ወርቅውሃ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ወር ሊሞላው ነው፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። ለምን አልደወሉም እንዳትይኝ፤ በስልክ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ብሎ ከመዝጋት ሌላ ወግ እንደማልችል ታውቂያለሽ።

«እዚያ ነፍሳት ያያሉ ወይስ መኪና ብቻ ነው የሚጠብቁት?» ብለሽኛል። ነገር ማዋዛቱን ከማን እንደተማርሽው አውቃለሁ። አዎ፣ ሚድታውን ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ካለች የመስታወት ሳጥን ገብቼ ቲኬት እቆርጣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአምቦ ምርምር ጣቢያችንን የነፍሳት ክምችት የጠበቀ ሰው አሁን የሰው መኪና ይጠብቃል። እዚህ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስለ ሙያዬ አንዲት ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ትናንት ግን ተጠየቅሁ!

ሸዋነሽ የምትባል ጎረቤት አለችን፤ ባሏ የሞተባት፣ ከእኛ ሕንፃ ፊት ለፊት የምትኖር። ማታ ማታ ደንዉዲ በሚባል ሰፈር ቢሮ ታፀዳለች፣ ቀን ትተኛለች። አንድ ልጅ አለቻት፣ ሲና፤ እዚሁ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሥራዋም ቤቷም ሚድታውን ነው። ከሸዋነሽ መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው፣ ኦክ የሚሉት ዛፍ ቆሟል። ሰሞኑን ከዛፉ ላይ ሎሚ የሚያክሉ ቡናማ ኳሶች ይረግፉ ጀመር። ሴትየዋ ፈራች። «ይሄ ዛፍ ታሟል፤ አንድ ቀን እላዬ ላይ ይወድቃል» ብላ ልጇ በኮምፒውተር ለአፓርትመንቱ ቢሮ እንድትጽፍላት አደረገች። ቢሮው መልስ ሲያዘገይባት ወርቅውሃን «ባልሽ የዛፍ ሐኪም አልነበረም እንዴ?» አለቻት። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከረቫት አሰርኩ ብልሽ ታምኛለሽ? አጉሊ መነፅሬንና ምላጭ ይዤ ሄድኩ። እኛ አገር ኦክ ስለሌለ በዓይንሽ አላየሽውም፤ ባህር ዛፍ ላይ የምናውቀው እባጭ የሩቅ ዘመድ ነው በዪው። ኳሱን የምታመጣው ተርብ ከትንኝ ብዙም አትበልጥም። ለጋ ቅጠል ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ዛፉ ደግሞ ለሷ ልጅ ቤት ይሠራለታል። አንዱን ኳስ ስሰነጥቀው ልጡ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ውስጡ ከመሀል ወደ ዳር የተዘረጋ ነጭ ጭረት ነው። መሀሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታክል ጠንካራ ክፍል አለች፤ በውስጧ አንድ ነጭ ትል ተጠቅልሏል። ሌሎቹ ኳሶች ክብ ቀዳዳ አላቸው፤ ባለቤቶቹ በርረው ወጥተዋል። ኦክ አፕል የሚሉት ነው። ቅጠሉን መልከ ጥፉ ከማድረግ በቀር ዛፍ አይገድልም። በቅርንጫፍ ላይ እንደ ቋጠሮ የሚወጣ ሌላ አለ፣ እሱ ይጎዳል፤ ያ እንዳልሆነ ሸዋነሽን አሳየኋት።

ሻይ አፍልታ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጠችኝ። «ይሄ የዛፍ ብጉር ነው፣ ተኚ» አልኳት። ሳቀች። ከወጣሁ በኋላ ለልጇ ደውላ ለቢሮው የጻፈችውን እንድትተወው እንደነገረቻት ወርቅውሃ ነግራኛለች። እንዲህ ያለ ቀን ካሳለፍኩ ስንት ዘመኔ!

ናሙናውን አልልክም፤ ሕጉን እኔም አንቺም እናውቃለን። ሥዕሉንና ልኩን ግን አያይዣለሁ። ከመጻሕፍቱ ጋር አመሳክረሽ ዝርያውን ለይተሽ ጻፊልኝ። እንዳልተሳሳትኩ ነው የማምነው።

አክባሪሽ
ወንዳፍራሽ


ቻምብሊ
ነሐሴ 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ደጊቱ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለእናትሽም፣ ለጣቢያው ሰዎችም፣ ለዘበኛው ለአያ ፍፁምም። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ወርቅውሃ ሰላም ብላሻለች።

ከአምቦ በመጣው በአብዱ እጅ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። አብዱ መጀመሪያ ዋሽንግተን እህቱ ዘንድ ወርዶ ሦስት ሳምንት ስለሰነበተ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ያለፈው ሳምንት መሆኑ ነው። ዝርያውን እኔ እንዳልኩት ማግኘትሽ ደስ ብሎኛል። ስለ ደከምሽ አመሰግናለሁ።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ለጠየቅሽኝ፣ ግንዱ ደህና ነበር። ቅርፊቱም ሙሉ ነበር። ዛፉ አሁን የለም፤ ቆርጠው ወስደውታል። ስለዚህ ጽሑፍ እናዘጋጅ ያልሽውን ለጊዜው ብንተወው ይሻላል። ሥዕሉን መመለስም አያስፈልግሽም።

እንቅልፍ ትንሽ ነስቶኛል። ሙቀቱ ይሆናል። ስለ አጭሩ ደብዳቤ ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ወንዳፍራሽ


አምቦ
ነሐሴ 27 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰንብተዋል? እናቴ አሁን በከዘራ ትወጣለች፤ «ለልጄ ለወንዳፍራሽ ሰላምታዬን ጻፊልኝ» ብላለች። አያ ፍፁም በሰኔ አርፈዋል። ሳልነግርዎ የቆየሁት በሩቅ አገር ሆነው ብቻዎን እንዳይደነግጡ ብዬ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዲህ ያለውን ነገር መደበቅ ጥሩ እንዳልሆነ በዚህ ሳምንት ነው የገባኝ።

አብዱ ለወንድሙ ደውሎ ሁሉን ነግሮታል። ዛፉን ቆርጠው የወሰዱት ከወደቀ በኋላ መሆኑን እርስዎ አልጻፉልኝም። ሐምሌ 7 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነፋስ ተነስቶ ከነሥሩ መነቀሉን አልጻፉልኝም። ወይዘሮ ሸዋነሽ ከሌሊት ሥራ ገብታ በዚያ መስኮት ሥር ተኝታ እንደነበረችም አልጻፉልኝም። ጋሼ፣ ይህን ከአብዱ ወንድም አፍ፣ ያውም ታክሲ ስጠብቅ መንገድ ላይ መስማት ነበረብኝ? እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ።

ነፍሷን ይማር። ለእርስዎም ለወይዘሮ ወርቅውሃም እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

አሁን ደግሜ እጠይቅዎታለሁ፤ ቢቆጡኝም ግድ የለኝም። በሰኔው ደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ የጠየቅሁዎ ስለ ሥሩ ነበር። እርስዎ ስለ ግንዱ መለሱልኝ። በተራ ነፋስ ከነሥሩ የሚነቀል ኦክ ሥሩ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን ሥሩን አይተውታል? ዛፉን ዞረውታል?

ልጅቱስ እንዴት ናት?

አክባሪዎ
ደጊቱ


ቻምብሊ
ጥቅምት 1 ቀን 2008 ዓ.ም.

ውድ ደጊቱ፣

የአያ ፍፁም ሞት አሳዝኖኛል። ጥሩ ሰው ነበሩ። መደበቅሽን አልቀየምኩም፤ እኔ ማን ሆኜ ነው የምቀየምሽ።

ለምን እንዳልነገርኩሽ ጠይቀሻል። አፈርኩ፣ ደጊቱ። ሌላ ምክንያት የለኝም። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ወርቅውሃ ደውላ «ና» ብቻ አለችኝ። ስደርስ የእሳት አደጋ ሰዎች አካባቢውን አጥረውት ነበር። የማውቀው መስኮት አልነበረም።

ሲና እንዴት ናት ላልሽኝ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ። በሐዘኑ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትደጋግመው። «ካንስል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሪኩዌስቱን እኔ ነኝ ካንስል ያደረግኩት። ባልተወው ኖሮ መጥተው ቼክ ያደርጉት ነበር።» ሴቶቹ «ዝም በይ ልጄ፣ የእግዜር ሥራ ነው» ይሏታል። እሷ ስልኳን አውጥታ ማመልከቻውን የሰረዘችበትን ቀን ታሳያቸዋለች። ግንቦት 22 ቀን ነው። እኔ ከረቫት ያሰርኩበት ቀን። እኔ ግድግዳው ሥር ከወንዶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። የቀረበልኝን ንፍሮ ዘገንኩ።

በአራተኛው ቀን ለመናገር ቆርጬ ነበር፣ እመኚኝ። የእድራችን ሊቀመንበር ብርሃነመስቀል መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ዛፉን ማየቴን ከወርቅውሃ ሰምቷል።

«ጋሽ ወንዴ፣ ሲና ቢሮውን ልትከስ ሎየር ይዛለች» አለኝ። «ቢሮው ሪፖርት ደርሶት ዝም አለ ነው ኬዙ። አንድ ኤክስፐርት ዛፉን አይቶ ደህና ነው ብሎ ነበር ከተባለ ግን አለቀላት። ሆድ ይፍጀው። ለልጅቷ ስትል።»

ለልጅቷ ስል ዝም አልኩ። ወርቅውሃም በዚህ ተስማምታለች። በየሳምንቱ ምግብ ሠርታ ትወስድላታለች፤ እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃታለሁ።

ሥሩን በተመለከተ፣ እዚህ አገር የዛፍ ግርጌ ሁሉ በደረቀ የጥድ ቅጠል ይሸፈናል፤ ለውበት ነው ይላሉ። እዚያም በእንዲህ ያለ ተሸፍኖ ነበር። ማየት አይቻልም ነበር። እባጩን በትክክል ለይቼዋለሁ፤ አንቺም አረጋግጠሽዋል። ተርቢቱ ዛፉን አልገደለችም። ይህን ለራሴ በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው አንድ አምላክ ያውቃል።

ወንዳፍራሽ


አምቦ
ኅዳር 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንደ ልጅዎ ነኝ፤ እንደ ልጅ ነው የምጽፍልዎ።

በመጀመሪያ የራሴን ልናገር። ሥዕልዎ በደረሰኝ ቀን መጽሐፍ የገለጥኩት ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። ኦክ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ግን እንደዚያ ደስ ብሎዎት ሲጽፉ ስላየሁ እኔም ደስ ላሰኝዎት ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ምስጋና ጻፍኩ። የሥሩን ጥያቄ ወደ መጨረሻው፣ ከሰላምታው አጠገብ ወሸቅኋት። መጀመሪያ ላይ ብጽፋትም ደብዳቤው ዘግይቶ ነው የደረሰዎት፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሌሊት አይለቀኝም።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ጉደር ላይ የአንድ ገበሬ የባህር ዛፍ ችግኝ አይቼ «ደህና ነው» ብዬ ተሳስቼ፣ ችግኙ ሁሉ ሲጠፋ ምን እንዳደረጉኝ ያስታውሳሉ? በመኪና ሊያደርሱኝ እንኳ አልፈቀዱም። «በእግርሽ ሂጂና እኔ ነኝ ያጠፋሁት በዪው» አሉኝ። ሄድኩ። ሰውዬው ሰደበኝ፣ ውሻውን ለቀቀብኝ፤ ግን በሚቀጥለው ዓመት ዘር የጠየቀው እኔን ነው። ያ ችግኝ ነበር፣ ጋሼ። ይህ ሰው ነው።

«ለልጅቷ ስል» ይላሉ። ልጅቱ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ብላ ስታለቅስ እርስዎ አጠገቧ ተቀምጠው ንፍሮ ዘግነዋል። ክሱን የሚያውቁት እሷና ጠበቃዋ ናቸው። ሊቀመንበሩም ወይዘሮ ወርቅውሃም ስለሷ መወሰን አይችሉም።

የጥድ ቅጠል በእግር ይገፋል። እኛን ቅጠል ሳንጠርግ ሥር አየን እንዳንል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ።

ደጊቱ


ቻምብሊ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ደጊቱ፣

የጥድ ቅጠሉ ሸፍኖት ነበር ያልኩሽ ውሸት ነው።

ኳስ ልለቅም ጎንበስ ስል አየሁት። ሁለት ሥሮች ከግንዱ በሚለያዩበት ቦታ፣ ከቅጠሉ ላይ ብቅ ያለ ወፍራም እንጉዳይ ነበር። እንደ ጆሮ የተዘረጋ፣ ላዩ ላይ ላብ የመሰለ ቡናማ ጠብታ ያወጣ። በመጽሐፍ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ለናንተም አስተምሬዋለሁ። የኦክን ሥር የሚያበሰብስ ነው። ከላይ ቅጠሉ እንደለመለመ፣ ከሥር ዛፉን የሚጨርስ።

ሸዋነሽ አጠገቤ ቆማ ነበር። «ይሄስ ምንድነው ጋሼ?» አለችኝ።

እኔ ያን ጊዜ ተርቢቱ ቅጠሉን እንዴት እንደምትወጋው እየነገርኳት ነበር። ወጌን ማቋረጥ አልፈለግሁም። ዓይኗ ከእጄ ወደ መሬት ሲሄድ ቅር አለኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው። «እርጥበት ነው» ብዬ በእግሬ ገፋ አደረግሁትና ወደ ኳሱ ተመለስኩ። ልቤ አልሳተውም። በኋላ አየዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሻይ መጣ፣ ከዚያ ወሬው ጣመኝ፣ ከዚያ ረሳሁት። አልረሳሁትም። በማግስቱ ላንቺ ስጽፍልሽ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ደብዳቤው ያምር ስለነበር አላበላሸሁትም።

ስድስት ዓመት ማንም ሳይጠይቀኝ ቆይቼ የመጀመሪያዋ ሰው ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ። የሚያስመሰግነኝን መለስኩ፤ ሁለተኛውን ዋሸኋት። ይህን ለወርቅውሃም አልነገርኩም። ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም።

ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅሽም። ምን እንደምትመልሺ አውቃለሁ።

ወንዳፍራሽ


ቻምብሊ
የካቲት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ውድ ደጊቱ፣

ሰላም ለአንቺና ለእናትሽ ይሁን። «ሄዱ ወይስ አልሄዱም? ከዚያ በፊት ሌላ ነገር አይጻፉልኝ» ብለሽኛል። ሄጃለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ።

ለወርቅውሃ ሁሉንም፣ እንጉዳዩን ጭምር ነገርኳት። ከምድጃው ዘወር ሳትል «አብሬህ አልሄድም» አለችኝ። ብቻዬን በባቡር ሄድኩ። የሲና ቤት ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድም ዛፍ አይታይም። የእናቷ ልብስ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ከበሩ ጀርባ አለ።

ቁጭ እንዳልኩ ጀመርኩ። «ሲና፣ ያን ዛፍ ያየሁት እኔ ነኝ። እናትሽ ተዪው ያለችሽ በኔ ቃል ነው» አልኳት።

«አይ ኖው» አለችኝ፤ አውቃለሁ ማለቷ ነው።

«ምኑን?» አልኳት።

«እማዬ ያን ቀን ደውላልኝ ነበር። ‹ወንዳፍራሽ አይቶታል፣ ካንስል አድርጊው› አለችኝ። ማለቴ፣ በጣም ደስ ብሏት ነበር። ስለ ተርቦቹ ሁሉ ነገረችኝ።» አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ሎየሬ ማነው የነገራት ሲለኝ አላውቅም አልኩት። አንተ መጥተህ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። የምግቡን ዕቃ ስትወስዱ መኪና ውስጥ አይህ ነበር። ሰባት ወር፣ ጋሼ።»

ደጊቱ፣ እኔ እሷን ከክስ አድናታለሁ ስል፣ ለካ እሷ ናት ስሜን ደብቃ ያቆየችልኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ይቅርታ ብዬ፣ እግሯ ላይ ወድቄ፣ ተላቅሰን እንለያይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያንቺ ገበሬ ትዝ ያለኝ። እንጉዳዩን ነገርኳት።

ይህን አላወቀችም ነበር። ፊቷ ላይ አየሁት።

«እማዬ አይታው ነበር?»

«አዎ። ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እርጥበት ነው አልኳት።»

ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛለች። «ጻፈው» አለችኝ። «በእንግሊዝኛ። ሁሉንም።» ኬዙ ይበላሽብሻል አልኳት። «የኬዙ ነገር አይመለከትህም። ጻፈው።»

ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። ሰጠኋት፤ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። «እንጉዳዩን አየሁ፣ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፣ በጫማዬ ገፋሁት» ከሚለው ስትደርስ ቆመች።

«በየትኛው ጫማ?» አለችኝ።

አንድ ደህና ጫማ ነው ያለኝ። ያን ቀን ከከረቫቱ ጋር ያደረግሁት እሱን ነበር፤ ትናንትም እሱን ነው ያደረግሁት። «ይሄ ነው» አልኳት። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና ጫማዬን ታይ ጀመር። አልነካችውም። እኔም እግሬን መሰብሰብ አልቻልኩም። ብትሰድበኝ፣ ፊቴን በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አላለቀሰችም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችኝም። እኔም ይቅር በዪኝ ማለት ከበደኝ፤ የምጠይቅበት አፍ አልነበረኝም።

በመጨረሻ «አሁን ሂድ» አለችኝ። ሄድኩ። ሊፍቱ ጋ ደርሼ ስጠብቅ ከኋላዬ በሩ ተከፈተ፤ «ጋሼ» ብላ ጠራችኝ። አሁን ምሕረት ልታደርግልኝ ነው አልኩ። ወረቀቱን ይዛ ነበር የወጣችው። ከግርጌው ላይ ስሜን አልጻፍኩበትም ነበር።

ግድግዳው ላይ አስደግፌ ፈረምኩላት። ወረቀቱን ተቀብላኝ ገባች፤ በሩንም ቆለፈችው።

ወንዳፍራሽ